ከማሽላው ሜዳ ወደ አንጎል፦ አንጀት፣ የአንጎል አጥርና የመርሳት በሽታ

ደላንታና ዳውንት በራያ ቆቦ ካለው ከሮቢት ቆላ ተራራ ተሻግሮ የሚገኝ የወሎ ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ድርቁ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ ተረፈ፤ ሰዉም የተረፈውን በላ። ብዙም ሳይቆይ ገና ጉልበታቸው ያልደከመ ሰዎች፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶች፣ እግራቸው እየተገተረ በምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ነገሩን መርምረው በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። በኋላ ባደረጉት ጥናት ደግሞ አበሳሰሉ ራሱ ለውጥ እንዳለው አሳዩ፦ ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ አደጋውን ሲጨምሩ፣ ጓያው ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ አደጋው ይቀንሳል። ስለዚህ የበላነው ነገር ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ነርቭ ሊደርስ እንደሚችል ወሎ በራሱ ልጆች እግር ያወቀው እውነት ነው።

ዛሬ ተመራማሪዎችን የያዘው ጥያቄ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ዝግ ያለና ስውር መሆኑ ነው። በአንጀታችን የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን፣ በአንድ ስም ማይክሮባዮም የሚባሉት፣ በአርባና በሃምሳ ዓመት ውስጥ የአረጋውያንን አእምሮ ይነካሉ ወይ? የሚነኩ ከሆነስ በየት በኩል? የቀረበው መልስ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የአንጀት ተሕዋስያን ሚዛናቸው ሲዛባ የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል። ሁለተኛ፣ ከዚያ ያመለጠው ነገር በደም ተጉዞ አንጎልን ከደም የሚለየውን አጥር ያላላል። ሦስተኛ፣ አንጎል ውስጥ የማይበርድ ብግነት ይነሳና የማስታወስ ሴሎች ይሞታሉ። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ጥሩ ማስረጃ አለው። ሦስቱ ከዳር እስከ ዳር ተያይዘው በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሲሠሩ ግን እስካሁን አልታየም። ይህን ልዩነት አጥብቄ የምይዘው በመካከሉ ብዙ የሚሸጥ ተስፋ ስላለ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው፤ ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አዲስ ታማሚ ይጨመራል። ከሁሉም የሚበዛው አልዛይመር ሲሆን ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነውን ይይዛል። በሮቢትና በቆቦ መንደሮች አንድ አባት ያንኑ ጥያቄ ሲደጋግሙ፣ ወደ ገዛ ማሳቸው የሚወስደው መንገድ ሲጠፋባቸው፣ «ጃጅተዋል» ይባልና ነገሩ የዕድሜ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ቤተሰብ ፀበል ይወስዳል፣ ሌላው ዱዓ ያስደርጋል። ልጆችና የልጅ ልጆች በዙሪያቸው ሆነው መጦራቸው ታላቅ ሀብት ነው፤ ብዙ የበለጸገ አገር አጥቶታል። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፦ ሕመሙ የዕድሜ ነገር ተብሎ ሲታለፍ ግፊታቸው ሳይለካ፣ ጆሯቸው ሳይመረመር፣ ዓይናቸው ሳይታይ መቅረቱ።

ከአንጀቱ እንጀምር። የራያ ቆቦ ሜዳ የማሽላ አገር ነው። ጅጉርቲና ደጋሊት የሚባሉት የአገሬው ዝርያዎች፣ በእንጀራም በቂጣም በንፍሮም በጠላም፣ የብዙ ትውልድ ምግብ ሆነው ኖረዋል። ማሽላ ለሆድ ከባድ ነው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከስታርቹ ከፊሉ፣ አሰሩና ታኒኑ በትንሹ አንጀት ሳይፈጩ አልፈው ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ። እዚያ የሚጠብቋቸው ባክቴሪያዎች አብላልተው አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አጫጭር አሲዶች ያወጣሉ። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ምግብ ነው፤ ሴሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ግድግዳ እንዲሆኑ ይረዳል፣ በዙሪያቸው ያለውንም የበሽታ መከላከያ ያረጋጋል።

ለሮቢት በጣም የሚቀርበው ጥናት የተሠራው ምዕራብ አፍሪካ ነው። በ2010 የጣሊያን ተመራማሪዎች በቡርኪና ፋሶ ቡልፖን መንደር ማሽላና ደቃቅ እህል ከጥራጥሬ ጋር የሚበሉ ሕፃናትን ከፍሎረንስ ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። የቡልፖን ልጆች አንጀት አሰር በሚሰባብሩ ፕሬቮቴላ በተባሉ ባክቴሪያዎች የተሞላ ሆኖ ተገኘ፤ የአጫጭር አሲዶቹም መጠን ከጣሊያኖቹ በብዙ ይበልጥ ነበር። የቆቦ ሜዳ ልጅ አንጀት ቢመረመር ምን እንደሚገኝ ለመገመት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለንም።

ስለ እንጀራ ግን አንድ ነገር ልበል፤ በከተማ ብዙ ሲወራ እሰማለሁና። ሊጡ በእርሾው ኃይል ሕያው ዘር የሞላበት ነው፤ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና የእርሾ ፈንገሶች አሉበት። ምጣዱ ላይ ሲወጣ ግን ይሞታሉ። እንጀራ ሕያው ባክቴሪያ አይሰጠንም፤ ለነበሩን ባክቴሪያዎች ምግብ ነው የሚሰጠን። ሕያው የሆነውን የምናገኘው ከእርጎና ካልተጣራ ጠላ ነው። እርጎው ካልፈላ ወተት ሲሆን ደግሞ ብሩሴሎሲስ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ በሽታ ራሱ አንዳንዴ አንጎልን ያስቆጣል። ከብትና ግመል በሚረባበት ቆላ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የገጠሩን አንጀት እንደ ገነት የሚስሉ ጽሑፎችንም አልቀበልም። የጃርዲያና የወስፋት መመላለስ፣ ንጹሕ ያልሆነ ውኃ፣ በሕፃንነት የተደጋገመ ተቅማጥ የአንጀትን ግድግዳ ጠፍጣፋና የሚያሾልክ ያደርጉታል። የቀጨጨ ልጅ ከምግቡ የሚያገኘው ብቻ አይደለም የሚጎድልበት፤ ደሙ ውስጥ መግባት የሌለበትም ይገባበታል። ያ ልጅ ሰባ ዓመት ሲሞላው አንጎሉ ምን ይሆናል? ማንም ተከታትሎ አላየውም፤ ለኔ ግን ከጠቅላላው ጉዳይ እጅግ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው።

ወደ አጥሩ እንለፍ። በ1885 ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊሽ በእንስሳት ደም ሥር ቀለም ሲወጋ መላ አካላቸው ሲቀለም አንጎላቸው ነጭ ሆኖ ቀረ። በ1913 ተማሪው ኤድዊን ጎልድማን ተቃራኒውን ሠራ፦ ቀለሙን አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ሲከት አንጎል ተቀለመ፣ የቀረው አካል ግን አልተነካም። በ1921 ጄኔቫ የምትሠራው ሊና ሽተርን ለአጥሩ ዛሬም የሚጠራበትን የፈረንሳይኛ ስም አወጣችለት። ይህች ሴት በኋላ ሞስኮ ሄዳ በስታሊን ዘመን ታስራ፣ አብረዋት የተፈረደባቸው ሲገደሉ በሕይወት የተረፈች ናት፤ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከሚገባት በታች ነው የምትነሳው። አጥሩ የት እንዳለ በግልጽ የታየው ግን በ1967 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፦ የአንጎልን ቀጫጭን ደም ሥሮች ውስጡን የሚለብሱት ሴሎች በሌላው አካል እንዳሉት አይደሉም፤ ጠርዛቸው ለጠርዛቸው የተሰፋ ያህል ተጣብቋል። ከውጭ በኩል ፔሪሳይትና አስትሮሳይት የሚባሉ ሴሎች ያቅፏቸዋል። በአንድ ሰው አንጎል የእነዚህ ደም ሥሮች ጠቅላላ ርዝመት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

የራያ ሰው ይህ አጥር ሲጣስ የሚሆነውን አይቷል። ማጅራት ገትር ሲገባ፣ ወይም ወባ ወደ ጭንቅላት ወጣ ሲባል፣ የሚታየው መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ከአጥሩ መጎዳት ጋር የተያያዘ ነው። በመርሳት በሽታ የሚሆነው ቀስ ያለ መሸርሸር ነው። በ2019 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ገና የመርሳት ምልክት የጀመራቸው ሰዎች፣ አሚሎይድ የተባለው የፕሮቲን ዝቃጭ በአንጎላቸው ይኑርም አይኑር፣ በሂፖካምፐስ አካባቢ ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮቻቸው እንደሚያሾልኩ አሳየ። በዓመቱ ያው ቡድን አፖኢ4 የተባለውን፣ ለአልዛይመር የሚያጋልጠውን የጂን ዓይነት የያዙ ሰዎች አእምሯቸው ገና ጤነኛ ሳለ እንኳ አጥራቸው መላላት እንደሚጀምር ዘገበ። ሂፖካምፐስ አዲስ ትዝታ የሚቀረጽበት ቦታ መሆኑን ላስታውስ።

አንጀቱና አጥሩ የሚገናኙበትን ቦታ ያሳየው የስቶክሆልሙ ጥናት ነው። በ2014 የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ያለ አንዳች ባክቴሪያ ያደጉ አይጦችን አጥር መረመሩ፤ ከመደበኛ አይጦች ይልቅ የሚያሾልክ ሆኖ አገኙት። የሌሎች አይጦችን የአንጀት ተሕዋስያን ሲሰጧቸው፣ ወይም ቡቲሬት የሚያመርት አንድ ባክቴሪያ ብቻ ሲያስገቡላቸው፣ አጥሩ ጠበቀ። በዓመቱ ፍራይቡርግ ላይ ሌላ ቡድን ማይክሮግሊያ የተባሉት የአንጎል ጠባቂ ሴሎችም ያለ አንጀት ባክቴሪያ በቅጡ እንደማይበስሉ አሳየ። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ማንበብ ያስደንቃል፦ ከሆድ ግርጌ ያለ ፍጡር የአንጎልን በርና በረኛ ሁለቱንም ይቀርጻል።

ሦስተኛው ክፍል ብግነቱ ነው። አሎይስ አልዛይመር በ1906 የመጀመሪያ ታማሚውን አንጎል ሲገልጽ ያየው የፕሮቲን ዝቃጭና የተቋጠረ ክር ነበር፤ ዛሬ አሚሎይድና ታው እንላቸዋለን። ለብዙ ዓመታት ምርምሩ ሁሉ ዝቃጩ ላይ ነበር። በ2013 ትሬም2 የተባለ፣ በማይክሮግሊያ ውስጥ የሚሠራ ጂን ሲበላሽ አደጋው እንደሚጨምር ሲታወቅ ግን ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተጠያቂ ሆኑ። ማይክሮግሊያ ዝቃጩን ያጸዳሉ፤ ሳያርፉ ሲቆጡ ግን ጤነኛውን የነርቭ መገጣጠሚያም ይበላሉ። ከሚያስቆጧቸው አንዱ ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች ልባስ የሚረግፈው ሊፖፖሊሳካራይድ ነው፤ አንጀት ሲያሾልክ ደም ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው። በ2017 ከጣሊያን ብሬሺያ የወጣ ጥናት አሚሎይድ በአንጎላቸው የታየ አረጋውያን በአንጀታቸው ኤሽሪኪያና ሺጌላ ወገን የሆኑት በዝተው፣ ቡቲሬት ከሚያመርቱት አንዱ ዩባክቴሪየም ሬክታሌ ግን አንሶ፣ በደማቸውም የብግነት ምልክት ከፍ ብሎ አገኘ።

እስከዚህ ነገሩ አምሮ ይሰካል። በ2023 ከሴንት ሉዊስ የመጣው ጥናት ግን ጨዋታውን አወሳሰበው። በታው የሚታመሙና የሰውን አፖኢ4 የያዙ አይጦች ያለ ባክቴሪያ ሲያድጉ አንጎላቸው በጣም ያነሰ ጉዳት ደረሰበት። ከዚያም አጫጭሮቹ አሲዶች፣ ስቶክሆልም ላይ አጥሩን ያጠበቁት ዓይነት፣ ለነዚህ አይጦች ሲሰጡ ጉዳቱ ተመለሰ። ያው ነገር አንድ ቦታ መድኃኒት፣ ሌላ ቦታ እሳት። የአይጡ ዓይነት፣ ዕድሜውና በአንጎሉ ያለው የበሽታ ደረጃ ልዩነት እንደሚያመጣ አምናለሁ፤ ቡቲሬት ለጤነኛ አንጎል የሚሠራውን ቀድሞ ለታመመ አንጎል ላይሠራ ይችላል። ከዚህ የምወስደው ግን አንድ ነገር ነው፦ በጠርሙስ የታሸገ ቡቲሬት ወይም ፕሮባዮቲክ የሚባለውን ሕያው ባክቴሪያ ገዝተው ለእናታቸው ሊሰጡ ለሚያስቡ ልጆች «ገንዘባችሁን አቆዩት» ማለት አለብን።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ሌላም ድክመት አለው። የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው አመጋገቡ ይለወጣል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ መድኃኒት ይበዛበታል፣ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ ይህ ሁሉ የአንጀቱን ተሕዋስያን ይለውጣል። ስለዚህ የታማሚ ሰገራ ከጤነኛ ሰገራ ተለይቶ መገኘቱ ማን ማንን እንዳመጣ አይነግርም። በ2023 የአየርላንድ ኮርክ ተመራማሪዎች የአልዛይመር ታማሚዎችን ሰገራ ወደ አይጦች አዛውረው የአይጦቹ ትውስታ ሲደክም ማየታቸው መንገዱ ከአንጀት ወደ አንጎልም እንደሚሄድ ይጠቁማል። ቢሆንም አይጥ ሰባ ዓመት ኖሮ አያውቅም።

መድኃኒቱም ገና ነው። ቻይና በ2019 ከባሕር አረም የተሠራ፣ በአንጀት በኩል ይሠራል የተባለ መድኃኒት ለአልዛይመር በቅድመ ሁኔታ ፈቀደች፤ በሌሎች አገሮች የተጀመረው ሰፊ ሙከራ ግን በ2022 ቆመ። የድድ ባክቴሪያ አንጎል ውስጥ ተገኘ ተብሎ እሱን ለማጥቃት የተሠራው መድኃኒትም በ2021 በትልቅ ሙከራ ዓላማውን ሳይመታ ቀረ። ኢራን ውስጥ በ2016 60 ታማሚዎች ለ12 ሳምንት ፕሮባዮቲክ የተጨመረበት ወተት ጠጥተው የትውስታ ፈተና ውጤታቸው መሻሻሉ ተዘግቧል፤ በዚህ ያህል ሰው ግን ሕክምና አይመሠረትም።

አሁን ወደ አፍሪካ ልመለስ፤ ለሮቢት የሚበጀው ከዚህ ስለሚገኝ። በ1990ዎቹ የናይጄሪያና የአሜሪካ ሐኪሞች የኢባዳን ዮሩባ አረጋውያንንና የኢንዲያናፖሊስ ጥቁር አሜሪካውያንን በአንድ ዘዴ ተከታተሉ። በ2001 የወጣው ውጤት በኢባዳን አልዛይመር በዓመት ከመቶ 1.15፣ በኢንዲያናፖሊስ 2.52 ሰው እንደሚይዝ አሳየ። አያት ቅድመ አያታቸው የሚቀራረቡ ሰዎች ናቸው። የበሉት፣ የሠሩት ሥራ፣ ግፊታቸውና ስኳራቸው ግን ይለያያል። በ2015 ሌላ ቡድን ጥቁር አሜሪካውያንንና የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችን ለሁለት ሳምንት ምግብ አለዋወጣቸው፤ አሰሩ የበዛለት አሜሪካዊ በትልቁ አንጀቱ ያለው ብግነት ሲቀንስ ቡቲሬቱ ጨመረ፣ ቅባትና ሥጋ የበዛበት ገጠሬ ግን ተቃራኒው ደረሰበት። በ2025 ደግሞ በታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ 77 ጤነኛ ወንዶች በተሳተፉበት ሙከራ ከባህላዊ ምግብ ወደ ምዕራባዊ ምግብ የዞሩት በሁለት ሳምንት ብቻ ብግነታቸው ከፍ አለ፤ ወደ ባህላዊው ምግብ የዞሩት ወይም ከሙዝ የሚጠመቀውን ባህላዊ መጠጥ የጠጡት ግን ረገበላቸው። ከነዚህ የትኛውም መርሳትን አልለካም። ሆኖም በሮቢት ሱቆች የፉርኖ ዱቄት፣ ፓስታ፣ የፓልም ዘይት፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ የማሽላውን ቦታ ሲይዙ ለሚያይ ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

በኢትዮጵያ ከዚህ ሰንሰለት ጋር በቅርብ የሚነካካው ጉዳይ ኤች አይ ቪ ነው። ቫይረሱ ገና ሲገባ የአንጀትን የመከላከያ ሴሎች ያወድማል፤ የባክቴሪያ ልባስ ወደ ደም ማምለጡ ብግነቱን እንደሚያቆየው በ2006 ታይቷል። በዚህ መሠረት በአንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት እዚህም ከባድ መሆን ነበረበት። በ2007 የታተመ ጥናት ግን መድኃኒት ያልጀመሩ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን በአብዛኛው የአእምሮ ፈተና ከጤነኞች ብዙ እንዳልተለዩ ዘገበ። ኋላ የተሠሩ የአገር ውስጥ ጥናቶች ችግሩ እንዳለ ቢያሳዩም፣ ያ ውጤት አንድ ነገር አስተምሮናል፦ በሌላ አገር ሕዝብ የታየውን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም።

እንግዲህ ዛሬ ምን ይደረግ? ከሦስቱ ክፍሎች ጥረቴን የማውለው በመካከለኛው ላይ ነው፤ አጥሩን የሚሸረሽረው ትልቁ ጠላት በእጃችን ያለ ነውና። የደም ግፊት የአንጎልን ቀጫጭን ሥሮች ለዓመታት እየመታ ያላላቸዋል፤ ስኳርም እንዲሁ። በ2025 ከቻይና ገጠር የወጣው ሙከራ ለሮቢት የተጻፈ ይመስላል፦ በ326 መንደሮች ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ግፊት ያለባቸው ሰዎች ተካተቱ፤ በግማሾቹ መንደሮች ሐኪም ያልሆኑ የመንደር ጤና ሠራተኞች ግፊቱን ለክተው መድኃኒቱን አስተካከሉ፤ በአራት ዓመት የመርሳት በሽታ በእነዚህ መንደሮች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር በ15 በመቶ ቀነሰ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከጤና ጣቢያው ጋር ተባብራ ይህን መሥራት የማትችልበት ምክንያት አይታየኝም፤ የሚያስፈልጋት የሚሠራ የግፊት መለኪያና የማይቋረጥ የመድኃኒት አቅርቦት ነው። በአሜሪካ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ሐኪም ፕሮፌሰር ዮናስ ገዳ በ2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናትም በመካከለኛና በኋለኛ ዕድሜ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ከትውስታ መዳከም መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የላንሴት ኮሚሽን በ2024 የቆጠራቸው 14 ሊቀየሩ የሚችሉ አደጋዎች ከመርሳት በሽታው 45 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ፤ የመስማትና የማየት ችግር፣ የትምህርት ማነስ፣ ብቸኝነትና የተበከለ አየር ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ጭስ በሞላው ማድ ቤት አርባ ዓመት የጋገሩ እናት፣ የዓይን ሞራ የጋረዳቸው አባት፣ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ቀድመው የገቡ ናቸው።

ምርምሩም እዚሁ መጀመር አለበት። የወልድያ ዩኒቨርሲቲና ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ለቆቦ ሜዳ ቅርብ ናቸው። መነሻው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፦ ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸውን መዝግቦ ግፊታቸውን፣ ስኳራቸውን፣ መስሚያና ማያቸውን መለካት፣ ምን እንደሚበሉ በየወቅቱ መጠየቅ፣ የሰገራና የደም ናሙና ወስዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት። ፈተናው ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች የተዘጋጀ መሆን ይኖርበታል፤ ኢባዳን ላይ የተሠራበት መጠይቅ ዘመዱንም ጭምር ስለሚጠይቅ ለዚህ ይመቻል። እርሳስ ይዞ ሰዓት መሳል ለማያውቅ ገበሬ የአዝመራውን ቅደም ተከተል፣ የገበያውን ቀን፣ የጾሙንና የበዓሉን ወቅት መጠየቅ ይሻላል። ከአምስትና ከአስር ዓመት በኋላ ተመልሶ እነዚያኑ ሰዎች ማየት ደግሞ የአውሮፓና የአሜሪካ ናሙናዎች ሊመልሱት ያልቻሉትን፣ ማን ማንን ይቀድማል የሚለውን፣ ለመመለስ ይረዳል። በማሽላ ያደጉት የሮቢት አረጋውያን አሁን በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሌላ ምግብ እየበሉ ነው፤ ሁለቱን ትውልድ በአንድ መንደር፣ በአንድ ቤት ውስጥ ማነጻጸር የሚቻለው አሁን ነው።